ድካም ይቀንስ እንጂ ቃል አይጉደል



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የጣርማበርን ዋሻ ያለፈ፣ ደብረ ሲናንም ተሰናብቶ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በቅድሚያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ዐይኑን የሚስበው የገበያው ሽንኩርትና ማሾ ነው። ይሁን እንጂ በዚህችው ከተማ መንገደኛው ልብ የማይለው ሌላ ሥራም ከጧት እስከ ማታ ይሠራል። እርሱም የጽሕፈት ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች፣ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ወጣቶች፣ በየጽሕፈት ቤቱም ሠራተኞች የሕዝቡን ጉዳይ ወደ ወረቀት ሲያሰፍሩ ይውላሉ።

እነዚህ ሰዎች በቀን ውስጥ ከሚጽፉት ቃል አብዛኛው ትናንትም የጻፉት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ያው ነው። «ጉዳዩ፦» የሚለው ያው ነው። «ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የሚለውም ያው ነው። የሚለየው የባለጉዳዩ ስም፣ ቀኑና የጉዳዩ ፍሬ ነገር ብቻ ነው። እኛ መምህራንም ከዚህ ድካም ነፃ አይደለንም። ለወላጅ የሚላከው የጥሪ ደብዳቤ፣ በተማሪው የውጤት ካርድ ላይ የሚሰፍረው አስተያየት፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚቀርበው ሪፖርት በየወሩና በየመንፈቀ ዓመቱ እየተደጋገመ ይጻፋል። በዚህ መካከል ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ በበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ የዙህር ሶላትም ይደርሳል።

በየእጃችን የሚገኙት ኮምፒዩተርና ስልክ ግን ይህን የተደጋገመ ድካም የሚያቃልል መሣሪያ በውስጣቸው ይዘዋል። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ስንመታ ሙሉውን ሐረግ ወይም ዐረፍተ ነገር ይጽፉልናል። ይህን ያወቁ ጊዜያቸውን ያተርፉበታል፤ ያላወቁ ደግሞ መሣሪያው በእጃቸው እያለ በከንቱ ይደክማሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምኑን ልናምነው እንደምንችልና ምኑን ልናምነው እንደማይገባ እንመለከታለን።

ማሳጠር የቆየ ልማድ ነው

የጽሕፈትን ድካም ለመቀነስ መሞከር የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። የሮማዊው ተናጋሪ የሲሴሮ ጸሐፊ የነበረው ቲሮ ንግግርን በፍጥነት ለመያዝ በሚያገለግሉ ምልክቶቹ ይታወቃል። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳተመው የአጭር ጽሕፈት ዘዴ ስሙ በዓለም ጸሐፊዎች ዘንድ ገኗል። በአገራችንም «ትምህርት ቤት» ብሎ ከመጻፍ «ት/ቤት»፣ «ጽሕፈት ቤት» ከማለት «ጽ/ቤት»፣ «ዓመተ ምሕረት» ከማለት «ዓ.ም.» ማለት ከተለመደ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

የአማርኛው ድካም ደግሞ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት አለው። ፊደላችን ዋነኞቹ ብቻ 33 በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በአንድ የጽሕፈት መኪና ላይ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና ለማብቃት ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ሲሆኑ፣ የተገኘውም መፍትሔ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ ማገናኘት ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣም በኋላ አብዛኛው የአማርኛ አጻጻፍ ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መምታትን ይጠይቃል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ ሌላው ለአናባቢው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ጊዜ በሚመታበት ቦታ እኛ ብዙ ጊዜ ሁለቴ እንመታለን ማለት ነው።

ሌላም ችግር ነበር። በመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ዓመታት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ዙሪያ የታወቀ አንድ ቁጥር አገኘ። ዛሬ በስልካችን ላይ በአማርኛ ጽፈን ሌላው አገር ያለ ወንድማችን ሳይበላሽ የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው። የምንነጋገርበት አቋራጭም በአማርኛ በአግባቡ ሊሠራልን የቻለው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ዑለማኦች ያሠመሩት ድንበር

በይፋት ቆላ ከደረሶች ጋር ኪታብ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው የማሳጠርን ልማድ ከዚያም ያውቀዋል። የሐዲስ ሊቃውንት በየሰነዱ የሚደጋገመውን «ሐደሰና» የሚለውን ቃል በ«ሰና» ወይም በ«ና»፣ «አኽበረና»ን ደግሞ በ«አና» እያሳጠሩ ጽፈዋል። ከአንድ የዘገባ ሰንሰለት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ «ሐ» የምትባለውን አንዲት ፊደል ያስቀምጣሉ። የሶሒሕ ሙስሊምን ኪታብ የገለጠ ሰው ይህችን ፊደል ደጋግሞ ያገኛታል።

የይፋት ሰው ከዚህ ዕውቀት ሩቅ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ዘንድ ከዘይላዕና ከይፋት ምድር ጋር የተያያዘው ጀበርት የሚለው ስም ካይሮ ድረስ የተሻገረ ነው። በአል-አዝሀር ከዚሁ ወገን ለመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለደው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው። ብዕር ይዞ መድከም ለዚህ አካባቢ ልጆች እንግዳ አይደለም ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛው፣ «ሰና» ተብሎ በአጭሩ የተጻፈው በንባብ ጊዜ በአጭሩ አይነበብም። ደረሳው በሸሁ ፊት ሲያነብ «ሐደሰና» ብሎ ሙሉውን ይናገራል። ጽሑፉ ያጠረው ለእጅ ነው፤ ለሰሚው ግን ቃሉ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ሁለተኛው ደግሞ ሊቃውንቱ ሁሉንም ነገር እንዳሻቸው አላሳጠሩም። በሐዲስ ዕውቀት መሠረተ ሐሳቦች ላይ በጻፉት ኪታብ የሚታወቁት ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ሂጅራ የሞቱት) የሐዲስ ተማሪ የነቢዩ ስም በተነሳ ቁጥር ሰለዋቱን መጻፍ እንዳይሰለች፣ በሁለት ፊደልና በመሳሰለው ምልክት እያመለከተም እንዳያጎድለው መክረዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ኢማም ነወዊም (በ676 ሂጅራ የሞቱት) ይህንኑ ተከትለዋል።

እንግዲህ ድንበሩ ግልጽ ነው። የዘገባው መሣሪያ የሆነው ቃል ይጠር፤ ዱዓ የሆነው፣ መብት ያለበት፣ አክብሮት የሚገባው ቃል ግን ይሙላ። በአገራችን የሙስሊም ጽሑፎች ውስጥ ግን «ሰ.ዐ.ወ»፣ «ሱ.ወ»፣ «ረ.ዐ» የሚሉት ምሕጻሮች በሰፊው ተለምደዋል። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የወረቀት ዋጋ፣ የገጽ ጥበትና በአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ የመምታት ድካም ያመጣው ነገር ነው። ነገር ግን ያ ምክንያት ዛሬም አለ ወይ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከዚህ በታች ይገኛል።

ከምሕጻሩ ይልቅ ሙሉው ሲቀል

«ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም» የሚለውን ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት በድምፅ አጻጻፍ ብንጽፍ ጣታችን ወደ 25 ጊዜ ያህል ይመታል። «ሰ.ዐ.ወ» ብለን ብናሳጥር ደግሞ ነጥቦቹን ጨምሮ ወደ 9 ጊዜ ያህል እንመታለን። ይህ ቁጥር እንደ ኪቦርዱ ዓይነት ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል።

አሁን ግን በኮምፒዩተራችን ላይ «ስልው» የምትባለዋን አቋራጭ ለሙሉው ሰለዋት ወክለን አስቀምጠናል እንበል። በብዙዎቹ የድምፅ አጻጻፎች ሳድስ ፊደል አናባቢ ስለማያስፈልገው በአንድ ምት ይወጣል። ስለዚህ «ስልው» በሦስት ምት ትጻፋለች፤ ክፍት ቦታ ስንጨምር አራት ይሆናል። በዚያው ቅጽበት አቋራጯ ጠፍታ በምትኳ ሙሉው «ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም» ይቀመጣል። ልብ በሉ! ሙሉውን መጻፍ ምሕጻሩን ከመጻፍ ያነሰ ድካም ሆነ። ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያታችን በዚህ ላይ ያበቃል ማለት ነው።

በዐረብኛው በኩልም ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። በዩኒኮድ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ሙሉው ሰለዋት ተጠቃልሎ እንደ አንድ ምልክት ቦታ ተሰጥቶታል። አንዲት ምልክት ትሁን እንጂ በውስጧ ቃላቱ ሁሉ ሙሉ ሆነው ይነበባሉ።

እንዴት ይዘጋጃል?

በኮምፒዩተር። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ማይክሮሶፍት ወርድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አውቶኮሬክት የሚባል አገልግሎት አለው። ዋና ተግባሩ የፊደል ግድፈትን በራሱ ማረም ቢሆንም እኛ ለአቋራጭ እንጠቀምበታለን። «ፋይል» ከሚለው ገብታችሁ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ፕሩፊንግ»፣ ከዚያም «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። ሁለት ሳጥኖች ታያላችሁ። «ሪፕሌስ» በሚለው ሥር አቋራጩን፣ «ዊዝ» በሚለው ሥር ሙሉውን ቃል ጻፉ። «አድ» ብላችሁ «ኦኬ» በሉ። ከዚያ በኋላ አቋራጩን ጽፋችሁ ክፍት ቦታ ስትመቱ ሙሉው ቃል ይወጣል። ሳትፈልጉት ከተለወጠባችሁም «ኮንትሮል»ንና «ዜድ»ን አንድ ላይ ስትመቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በአይፎን ስልክ። «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ «ኪቦርድ»፣ «ቴክስት ሪፕሌስመንት» እያላችሁ ግቡ። በአንዱ መስመር ሙሉውን ሐረግ፣ በሌላው አቋራጩን አስገብታችሁ አስቀምጡ።

በአንድሮይድ ስልክ። ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ በራሱ በኪቦርዱ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲክሽነሪ»፣ ቀጥሎም «ፐርሰናል ዲክሽነሪ» የሚለውን ታገኛላችሁ። ቋንቋውን መርጣችሁ ቃሉንና አቋራጩን መዝግቡ። እዚህ ላይ አቋራጩን ስትጽፉ ሙሉው ቃል ከፊደሎቹ በላይ ባለው መስመር ላይ ይቀርብላችኋል፤ በጣታችሁ ነክታችሁ ትመርጡታላችሁ።

ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ዋትስአፕ ቢዝነስ ደግሞ የራሱ «ኩዊክ ሪፕላይ» አለው። የተለመደውን መልስ አንድ ጊዜ ካስቀመጣችሁ ኋላ እዝባር ምልክት መትታችሁ ትጠሩታላችሁ። ደንበኛ በየሰዓቱ ሱቁ የት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈት ለሚጠይቀው ነጋዴ ትልቅ እፎይታ ነው።

አቋራጭ አመራረጥ

የአቋራጭ ነገር ቀላል ቢመስልም ያለ ደንብ ከተያዘ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትጠብቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ አቋራጩ በራሱ ትርጉም ያለው ቃል አይሁን። ለምሳሌ ለሰለዋቱ «ስስ» የምትለዋን ብንመርጥ፣ «ስስ ጨርቅ» ብለን ስንጽፍ ማሽኑ «ስስ» የሚለውን አንስቶ ሰለዋቱን በጨርቁ ፊት ያስቀምጥብናል። ይህ የሚያስቅ ስሕተት ሳይሆን የሚያሳፍር ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከቃላቱ መነሻ ፊደላት ሳድሱን ምረጡ። «የሸዋ ሮቢት ከተማ አስተዳደር ትምህርት ጽሕፈት ቤት» የሚለውን ረጅም ስም «ሽርትጽ» ብሎ መወከል ይቻላል። ለማስታወስም ቀላል ነው፤ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥም በራሱ አይመጣም።

ሦስተኛ፣ በአንድ ቀን ሃምሳ አቋራጭ አታከማቹ። የማይታወስ አቋራጭ ከሌለ አይሻልም። በአምስት ጀምሩ፤ እጃችሁ ሲለምዳቸው ጨምሩ።

አራተኛ፣ የጋራ ኮምፒዩተር ከሆነ ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ። ዝርዝሩንም በወረቀት ጽፋችሁ በጠረጴዛው አጠገብ ለጥፉ። አለበለዚያ ሌላው ሠራተኛ ያልጻፈው ቃል ሲወጣበት ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ያዘው ብሎ ይደናገጣል።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ምሥጢር ቁጥርና የሰው ገመና የሆነ ነገር በአቋራጭ አታስቀምጡ። አቋራጩን የነካ ሁሉ ያየዋልና።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጸሐፊ 20 ሰከንድ የሚወስድበትን ሐረግ በቀን 30 ጊዜ ቢጽፍ 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት አምስት የሥራ ቀን 50 ደቂቃ፣ በአራት ሳምንት ደግሞ 200 ደቂቃ ነው። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ አንድ ሐረግ ብቻ ነው። የተረፈው ጊዜ ቆሞ ለሚጠብቀው ባለጉዳይ፣ ለሶላቱ፣ ለልጆች ጥናት ሊውል ይችላል። በሌላ ወሬ ካባከንነው ግን ምንም አላተረፍንም።

ማሽኑ የማያውቀው ነገር

እስካሁን ያልነው ሁሉ ጥቅሙን የሚመለከት ነው። አሁን ግን ዋናውን ጉዳይ እናንሳ። ማሽኑ ያስቀመጥንለትን ይመልስልናል እንጂ የሚጽፈው ስለ ማን እንደሆነ አያውቅም።

ከራሳችን ዱዓ እንጀምር። «ረ.ዐ» ብለን ስንጽፍ አንባቢው እንደ አገባቡ ያነበዋል። ሙሉውን ስንጽፍ ግን ለአንድ ወንድ ሶሓባ «ረዲየሏሁ ዐንሁ»፣ ለአንዲት ሴት «ረዲየሏሁ ዐንሃ»፣ ለሁለት «ዐንሁማ»፣ ለብዙ ወንዶች «ዐንሁም» ማለት ይገባል። አንዱን ብቻ በአቋራጭ ያስቀመጠ ሰው እናታችን ዓኢሻን በወንድ አገባብ ሲያነሳ ሊገኝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የየራሱ አቋራጭ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊውም የቱን እንደሚመርጥ ማወቅ አለበት። መሣሪያው ዕውቀትን አይተካም የምንለው ለዚህ ነው።

በአማርኛውም እንዲሁ ነው። «ተማሪው በትምህርቱ ትጉህ ነው» የሚለውን አስተያየት ያስቀመጠ መምህር ለተማሪዋ ካርድም ያንኑ ቢያወጣ፣ ወላጅ ካርዱን አንብቦ መምህሩ ልጄን አያውቃትም ይላል። እውነቱንም ነው። ከዚህም በላይ ለ60 ተማሪ አንድ ዓይነት አስተያየት የሰጠ መምህር ጊዜ ቆጠበ አይባልም፤ ሥራውን አልሠራም እንጂ። ለሁሉም የሚሆነው ክፍል፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ ስም፣ የዓመቱ ስያሜ፣ የሰላምታው ቃል በአቋራጭ ይውጣ። ስለ ልጁ የሚባለው ግን ልጁን በሚያውቅ እጅ ይጻፍ።

የሰው ስም ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ እየተባለ የሚጻፈውን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒዩተሩ አንዱን ትክክል፣ ሌሎቹን ስሕተት አድርጎ እንዲያርም ብናዘው የአንድን ተማሪ ስም በትራንስክሪፕቱ ላይ ከፋይዳ መታወቂያው የተለየ ያደርግበታል። ከዓመታት በኋላ ሥራ ፈልጎ ሲሄድ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ ይባላል። ስለዚህ የሰው ስም በአቋራጭም ሆነ በራስ አራሚ አይነካ፤ ባለቤቱ በሰነዱ ላይ እንደያዘው ፊደል በፊደል ይጻፍ።

ነጋዴውም የሚጠነቀቅበት አለው። የትናንቱን የሽንኩርት ዋጋ በፈጣን መልስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ገበያው ተለውጦ ሳለ አሮጌውን ዋጋ ለደንበኛው ይልካል። ሊያታልል አላሰበም፤ ገዢው ግን በዚያ ቃል ተማምኖ መኪና ተኮናትሮ ይመጣል። ዋጋና ቀን የሚለዋወጡ ነገሮች ስለሆኑ በተቀመጠ ጽሑፍ ውስጥ አይግቡ። የመድኃኒት መጠንም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመብት ጉዳይ ነው። የውርስ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ለሌላ ቤተሰብ የጻፈውን አንቀጽ እንዳለ ቢያወጣው ምን እንደሚሆን እናስብ። ሟቹ ወንድና ሴት ልጆች ትቶ ከሆነ ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ይደርሰዋል። ወንድ ልጅ ሳይኖር አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ከሆነች ድርሻዋ ግማሽ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሴቶች ከሆኑ ሁለት ሦስተኛውን ይካፈላሉ። እንግዲህ የአንዱ ቤት አንቀጽ ለሌላው ቤት አይሆንም። ዝርዝሩን ሳያነብ የፈረመ ወራሽ፣ በተለይም ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ወይም የቲም ልጅ መብታቸው በአንድ የተረሳ መስመር ሊጠፋ ይችላል። ጸሐፊው «ኮምፒዩተሩ ነው የጻፈው» ቢል ማን ይሰማዋል?

በቅዱስ ቁርአን ረጅሟ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ ስለ ብድር ጽሕፈት የምትናገር መሆኗ የሚያስተምረን ብዙ ነው። ጸሐፊ በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳው ያነሰም ሆነ የበዛ እስከ ጊዜው ድረስ መጻፉን ሰዎች እንዳይሰለቹ ታዛለች። የሚያጽፈውም ባለ ዕዳው ነው፤ ከዕዳውም ምንም እንዳያጎድል ታዟል። ይህን ስናስተውል ጽሕፈት ከእጅ ሥራነት አልፎ አማና መሆኑ ይገባናል። አማናውን የተሸከመው ሰው ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ባዶ ቦታው ይታይ

ታዲያ ጥቅሙንም ሳናጣ ከጉዳቱም የምንጠበቅበት መንገድ አለ ወይ? አዎን፣ አለ። በጽሕፈት መኪና ዘመንም ሆነ ዛሬ በእጅ በሚሞሉ ቅጾች ላይ የምናየው የተባዛ ፎርም ይህን ያስተምረናል። በፎርሙ ላይ የማይለወጠው ታትሟል፤ የሚለወጠው ግን ባዶ መስመር ተትቶለታል። ባዶው መስመር ካልተሞላ ለማንም ሰው ይታያል።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። በአቋራጭ የምናስቀምጠው ጽሑፍ ውስጥ የሰው ስም፣ ቀን፣ ገንዘብና ድርሻ የሚገባበት ቦታ ላይ የቀድሞውን ባለጉዳይ ስም አንተው። በዚያ ፋንታ ዐይን የሚወጋ ምልክት፣ ለምሳሌ «» እናስቀምጥ። ያልተሞላ ኮከብ ሲታተም ባለጉዳዩም ሆነ ጸሐፊው ወዲያው ያየዋል። የሌላ ሰው ስም ግን ልክ የሆነ ደብዳቤ ይመስላልና ዐይን ያልፈዋል። ኮከቡ ጉድለትን ያሳያል፤ የትናንቱ ስም ግን ጉድለትን ይሸፍናል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለባለጉዳዩ ጮክ ብለን እናንብብለት። ደረሳው በሸሁ ፊት ያሳጠረውን ዘርዝሮ እንደሚያነበው ሁሉ እኛም ማሽኑ የዘረጋውን ቃል በሰው ጆሮ ፊት እናሳልፈው። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። አቋራጩ ካተረፈልን ጊዜ ላይ ሁለት ደቂቃ ለባለ መብቱ መመለስ ብዙ አይደለም።

ለወጣቶችና ለወላጆች

እናንተ ወጣቶች፣ ስልክን ከእኛ የተሻለ ታውቃላችሁ። ይህንን ዕውቀት ለቤተሰባችሁ አካፍሉ። አባታችሁ በስልካቸው መልእክት ሲጽፉ ፊደል እየፈለጉ የሚቸገሩ ከሆነ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «አባባ፣ በብዛት የሚጽፉት የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ሦስት አራት አቋራጭ አዘጋጁላቸው። «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ» የሚለውን ሙሉ ሰላምታ በሁለት ፊደል መላክ ሲችሉ ምንኛ ይደሰታሉ! «አሰላም» ብቻ ጽፎ መላክ የለመደው ወንድማችንም ከአሁን በኋላ ሰላምታን የሚያሳጥርበት ምክንያት አይኖረውም።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ሙሉውን ቃል ከነትርጉሙ ማወቃቸውን አረጋግጡ። በሉህ ላይ እየጻፈ፣ እያጠበ፣ እንደገና እየጻፈ የተማረ ልጅ ቃሉ በልቡ ተቀምጧል። አቋራጭ ለእርሱ ያወቀውን ማፍጠኛ ይሆንለታል። ቃሉን ሳያውቅ አቋራጩን ብቻ የያዘ ልጅ ግን ስልኩ በተዘጋ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ልጅ መጀመሪያ በእጁ ይጻፍ፣ በአፉ ይበል፤ አቋራጩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ የምትገኙ ወንድሞችና እህቶችም በዚህ ሳምንት በብዛት የምትጽፏቸውን አምስት ሐረጎች መዝግቡ። ከአምስቱ አንዱ ሰለዋቱ ይሁን። ሌሎቹ የመሥሪያ ቤታችሁ ስም፣ የሰላምታውና የምስጋናው ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። የሰው ስም፣ የሰው ገንዘብና የሰው መብት ያለበትን ግን ለእጃችሁና ለዐይናችሁ ተዉት።

አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ ጊዜያችንን የሚባርክልን፣ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።